ጣሪያዬን ተጠባባቂ መስመር አድርገው ስለመረጡልኝ

ለተከበሩ ኢንጂነር ታዲዮስ
የሰፈራችን ኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጁባ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደ መስመርዎ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ የማይቋረጥ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በአትላባራ ሰፈር አሥራ ሁለት ክፍል ያላት ሆቴል የማስተዳድር፣ ማንያህልሻል የምባል ደንበኛዎ ነኝ። ስለ ኔትወርክ አንድም የማውቀው ነገር አልነበረኝም፤ ባለፈው ማክሰኞ ግን ድርጅትዎ በአንድ ጠዋት ስላስተማረኝ፣ ትምህርቱ ሌሎች ደንበኞችዎንም ይጠቅማል በሚል ሁሉም እንዲያነበው በግልጽ ደብዳቤ መጻፍ መርጫለሁ። ቅሬታዎቼን ለአነባበብ እንዲመችዎ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

፩. ከዓመት ተመንፈቅ በፊት ሠራተኞችዎ መጥተው ከውኃ ታንከሬ አጠገብ ክብ አንቴና ሲተክሉ፣ የእንግዶቼ ኢንተርኔት እንዲፈጥን ነው ብለውኝ ነበር። እኔም ጥብስ አብልቼ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አራት ገጽ ወረቀት ሳላነብ ፈርሜ በምርቃት ሸኘኋቸው። ምሰሶው ላይ በቀይ ቀለም «ባክአፕ»፣ ተጠባባቂ ማለት ነው፣ ብለው ጽፈውበታል። የጽሕፈታቸውን ጥራት ሳላደንቅ አላልፍም፤ ከአስፋልቱ ማዶ ሆኖ ይነበባል።

፪. አንድ ቴክኒሺያናችሁ፣ ድርጅትዎ ሰው በማባረርም ፈጣን ነው ስለሚባል ስሙን አልጽፍም፣ ነገሩን ኋላ ቁጭ ብሎ አስረድቶኛል። ሴግመንት ራውቲንግ በምትሉት አሠራር እያንዳንዱ መልእክት የሚያልፍባቸው ጣቢያዎች ቁጥር ገና ከመነሻው ግንባሩ ላይ ተጽፎለት ይወጣል። ዋናው ገመድ ቢበጠስ በየት በኩል እንደሚዞርም ገመዱ ሳይበጠስ አስቀድሞ ተሰልቶ ይቀመጣል፤ ማሽኑም ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ያዞረዋል። ፋስት ሪራውት ይባላል አለኝ። ከወንዙ ወደብ የሚመጣው ገመዳችሁ ቢበጠስ የሰፈሩ ሁሉ ኢንተርኔት በእኔ ጣሪያ ላይ እንዲያልፍ፣ ለጣሪያዬም ቁጥር ወጥቶለት፣ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ማሽኖቻችሁ በሙሉ ያውቁ ነበር፤ ያላወቅነው ከሥሩ የምንኖር ሰዎች ብቻ ነን።

፫. ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ማንነታቸውን የማላውቃቸው የታጠቁ ሰዎች የሰፈሩ ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ፈልገው ወደቡ አጠገብ ገመዳችሁን በመጥረቢያ ቆረጡት። አገልግሎቱ በአርባ ሦስት ሚሊሰከንድ ወደ እኔ ጣሪያ ዞረ፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። ሰዎቹ ስልካቸውን ሲያዩ ኢንተርኔቱ እንዳለ አለ። ተናደዱ፤ በፒካፕ እየዞሩ ጣሪያ ጣሪያውን ፈለጉ፤ ቀዩን ጽሑፋችሁንም ለማግኘት ብዙ አልተቸገሩም።

ዘበኛዬ ጋትዌች ጋምቤላ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የጠራ፣ እንደ ልጄ የማየው ሰው ነበር። በሩን አልከፍትም በማለቱ አፉን በሰደፍ መትተው ጥርሱን አረገፉት፤ ከዚያም በአንገትጌው እየጎተቱ ጣሪያው ላይ አወጡት። እኔን ከሰዎቹ አንዱ ደረጃው ሥር ግድግዳ ላይ ለጥፎ ጠመንጃውን ደረቴ ላይ ስለደገነብኝ ሁሉንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንቴናውን በጥይት በሳሱት፤ ኢንተርኔቱ ግን አሁንም አልጠፋም፣ ማሽናችሁ ዳግመኛ አዙሮታልና። ስለዚህ በዓረብኛ «ታኒ ወይን?» እያሉ፣ ሌላኛው አንቴና የት ነው እያሉ ደበደቡት። «አና ማ አሩፉ» አላቸው፣ አላውቅም። እውነቱን ነበር። ጣቶቹን ሰብረው ጠየቁት። ጉልበቱን በጥይት መትተው ጠየቁት። በዚህ መሃል በአማርኛ «እትዬ፣ እንዳይወጡ» ሲለኝ ሰማሁት። በመጨረሻ ከጣሪያው ወርውረው ግቢዬ ሲሚንቶ ላይ ጣሉት። ነገሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጅቷል፤ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሚሆን እርስዎ ያስሉት።

፬. ወደ ሆስፒታል ስንወስደው፣ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ እንዳለ፣ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የድርጅትዎ መልእክት ነበር። በመስመራችን ላይ ጉዳት ቢደርስም አገልግሎትዎ ለአፍታም አልተቋረጠም፣ ስለ አብሮነትዎ እናመሰግናለን ይላል። ደሙን ከስልኩ ላይ በቀሚሴ ጠርጌ ነው ያነበብኩት። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ጋትዌች ሞቶ ነበር፤ ስለዚህ ምስጋናውን በእሱ ስም የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

፭. እናቱ ወይዘሮ ኛጎዋ ለቀብሩ መጥተው፣ ልጄ ምን ደብቆ ነው እንዲህ ያደረጉት ብለው ጠየቁኝ። የደበቀው ነገር የለም፣ የሚያውቀው ነገርም አልነበረም ብላቸው አላመኑኝም። እኔንም ደባቂ አድርገው ነው የሄዱት። ይህ ከሁሉም በላይ ያቃጥለኛል። ሐሙስ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ይህንኑ ልነግርዎ ብል፣ በጸሐፊዎ በኩል ኔትወርኩ እንደታቀደለት ሠርቷል የሚል መልስ ሰጥተውኛል። አልተጠራጠርኩም።

፮. ከእኔ ጣሪያ ቀጥሎ መስመሩ የዞረው የሰፈራችን አዋላጅ በሆነችው በኛቦል ክሊኒክ ጣሪያ ላይ ነበር። ሦስት አራሶች ተኝተው ነበር፤ ለኛቦልም የነገራት ሰው አልነበረም። ትናንት እሷና እኔ መሰላል ተውሰን ክሊኒኩ ጣሪያ ላይ ወጥተን፣ አንቴናውን በቁልፍ ፈተን፣ ቀዩን ጽሑፍ በቢላ ፍቀን፣ ዕቃውን በሙሉ ድርጅትዎ በር ላይ አስቀምጠናል። ሳናስፈቅድ በመንካታችን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ አለማስፈቀድ የድርጅቱ ደንብ መስሎን ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው። ለሰው ጣሪያ ቁጥር ከመስጠትዎ በፊት ባለቤቱን በሚሰማው ቋንቋ ይጠይቁት፤ እምቢ ካለም ይተዉት። ደግሞም ወይዘሮ ኛጎዋ ዘንድ በእግርዎ ሄደው፣ ልጃቸው ምንም እንዳልደበቀ በራስዎ አንደበት ይንገሯቸው። ከእኔ አልተቀበሉኝም።

ገመድ ቢቆረጥ፣ ምሰሶ ቢወድቅ፣ ሰው ቢሞት አገልግሎቱን ላላጓደሉት ለእርስዎና ለመላው ባልደረቦችዎ ያለኝን የማያልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሳለሁ።

ማንያህልሻል
አትላባራ፣ ጁባ

ማስታወሻ፦ የኛቦልን አንቴና ስናወርድም ኢንተርኔቱ አልተቋረጠም። ወዴት እንደዞረ ቴክኒሺያናችሁን ብጠይቀው፣ እርስዎ መኖሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ወዳለው አንቴና ነው አለኝ። ለእኛ አስቀድሞ የነገረን ስላልነበረ እኔ ልንገርዎ፤ ልጆችዎን ወደ ዘመድ ቤት ይላኩ። አድራሻዎን እዚህ አልጻፍኩትም። ሰዎቹ ተመልሰው ወደ እኔ ቢመጡ ግን፣ ጋትዌች ያላወቀውን እኔ አውቃለሁ፤ በስልሳ ሁለት ዓመቴም ከአንድ ሰደፍ በላይ የምችል አይመስለኝም።