በድልድዩ መታሰቢያ ብራና ላይ ስለቀረው ስም

ለሰነዶችና ጽሕፈት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 11

ጉዳዩ፦ በእኔ ጥፋት በሌላ ሠራተኛ ላይ የተጻፈው የወቀሳ ደብዳቤ እንዲነሣና የቀረው ስም በብራናው ላይ እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በመምሪያው የጌጥ ጽሕፈት ክፍል ለአሥራ አራት ዓመታት ያገለገልኩ፣ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህም የክፍሉ ተጠሪ የሆንኩ ሠራተኛ ነኝ። ብዕር አያያዝ ያስተማሩኝ ከእኔ በፊት ተጠሪ የነበሩት፣ ሁላችንም «እትዬ ቀለም» የምንላቸው ወይዘሮ ናቸው። ስቀጠር ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ካሠሩኝ በኋላ ነው «በል አሁን ሀ በል» ያሉኝ። ዛሬ የምበላው እንጀራ የእሳቸው ነው።

2. ክቡርነትዎ ወደዚህ መሥሪያ ቤት ከመምጣትዎ በፊት፣ ድልድዩ ሲሠራ ተደርምሶ ወንዝ የወሰዳቸው የአርባ አንድ ሠራተኞች ስም በብራና ተጽፎ በአዳራሹ መግቢያ እንዲሰቀል ታዘዘ። የራስጌውን ጌጥ እትዬ ቀለም ሣሉ፤ ስሞቹን እኔ ጻፍኩ። በዝርዝሩ ውስጥ የራሳቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ፣ በአያት ብቻ የሚለዩ ሁለት ሰዎች ተከታትለው ነበር፤ አንዱ አናጺ፣ አንዱ በያጅ። የአናጺውን ጽፌ ብዕሬን ቀለም ነክሬ ስመለስ ዓይኔ በበያጁ ስም ላይ አረፈ፤ ይህንንማ ጽፌዋለሁ ብዬ አለፍኩት።

3. ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሕተት ነው ብዬ ራሴን ባጽናናሁ። ዳሩ ግን ጨርሼ ቀና ስል በግርጌ የአንድ ስም ቦታ ተርፎ አየሁ። በእርሳስ ያሰመርኩት አርባ አንድ መስመር ነበርና አንድም ሊተርፍ አይገባም ነበር። መቁጠር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ብቆጥርና ቢጎድል ግን ምረቃው በማግስቱ ነው፤ ስሜ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ሳልቆጥር ቀረሁ። በባዶው ቦታ ላይ ቅጠልና አበባ ያለው ሐረግ ሣልኩበት። በምረቃው ዕለት እንግዶቹ አብልጠው ያደነቁት ያንን ሐረግ ነው።

4. ሥራውን ማመሳከር የእትዬ ቀለም ድርሻ ነበር። ያን ቀን ሐኪም ቤት ውለው ሊመሽ ሲል ደረሱና «አመሳክረኸዋል?» አሉኝ። «አመሳክሬዋለሁ፣ አይቸገሩ» አልኳቸው። ቃሌን አምነው ፈረሙ።

5. ምረቃው ሲያበቃ አንዲት ሴት ወደ ብራናው ቀረበች። መስታወቱን በጣቷ እየተከተለች ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ ሠለሰች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ በጣም ቀስ ብላ «ይቅርታ፣ የእኔ ሰው ሌላ ወረቀት ላይ ነው እንዴ?» አለች። የበያጁ ባለቤት ነበረች።

6. በማግስቱ የቀድሞው ኃላፊ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጠየቁ። እኔም ተነሥቼ፣ «የእትዬ ቀለም እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ዓይናቸውም ደክሟል» አልኩ። እጃቸው በእርግጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። እውነት ተናግሮም መዋሸት እንደሚቻል ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እሳቸው ተነሥተው «ፊርማው የእኔ ነው» ብለው ተቀመጡ። የወቀሳ ደብዳቤ ተሰጣቸው፤ ብዕር ተቀምተው ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ተዛወሩ። ወንበራቸው ለእኔ ሆነ። ብራናው እንዲታረም ሦስት ጊዜ ሐሳብ ሲቀርብም «ከተነካ ይበላሻል» እያልኩ ያስቀረሁት እኔው ነኝ። የሚፋቀውን ሐረግ ማን ለምን እንደሣለው እንዳይጠየቅ ፈርቼ ነው።

7. ባለፈው ሳምንት፣ በሚቀጥለው ወር ጡረታ ለሚወጡት ለእትዬ ቀለም የምስጋና የምስክር ወረቀት በእጄ እንድጽፍ ታዘዝኩ። በፋይላቸው ወቀሳ ስላለ «ያለ ነቀፋ ያገለገሉ» የሚለው ሐረግ እንዲወጣ ተብሎ ነበር። ወረቀቱን ዘርግቼ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጥኩ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ከዚያ መዝገብ ቤት ወርጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፋይል እያሰሩ ነበር፤ ማሰራቸውን አላቆሙም። «አውቃለሁ» አሉ። «በእጅህ የሣልከውን የማላውቅ መሰለህ? ሐረግ ስታበዛ ፍሬው ይጠፋብሃል ብዬህ ነበር።» ለምን ዝም እንዳሉ ስጠይቃቸው፣ «ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ሳላይ ፈርሜያለሁ፤ እሱን ወስጃለሁ። አንተ ደግሞ የራስህን ውሰድ» አሉኝ። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላሉኝም።

8. ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወደ በያጁ ባለቤት ቤት ሄድኩ። አስከሬኑ ከወንዙ አልወጣም ነበርና፣ ስሙ ከብራናው በመቅረቱ ጎረቤት «ሞቶማ ቢሆን ይጻፍ ነበር፤ ጥሏት ሄዶ ነው» እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያማት መኖሩን የሰማሁት ከአፏ ነው። ትሰድበኛለች፣ ታስወጣኛለች ብዬ ነበር። ወንበር ሰጠችኝ። የደረሰባትን ሁሉ ሳታለቅስ ነገረችኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው፣

ሀ. በእትዬ ቀለም ላይ የተጻፈው ወቀሳ ከጡረታቸው በፊት እንዲነሣ፣ ይህም ሠራተኛው ሁሉ ባለበት፣ እኔ በተናገርኩበት በዚያው አዳራሽ እንዲነበብ፤ ንባቡን እኔ ራሴ እንዳደርገው ቢፈቀድልኝ ደስ ይለኛል። ደስታ ማለቴ አይደለም፤ ይገባኛል ለማለት ነው።

ለ. ከተጠሪነት እንድነሣና ሕጉ የሚለው ሁሉ እንዲፈጸምብኝ። አሥራ አራት ዓመት ማገልገሌ እንደ ማቅለያ እንዳይቆጠርልኝ።

ሐ. ሐረጉ በቢላ ተፍቆ የበያጁ ስም በቦታው እንዲጻፍ። ጸሐፊው ማን ይሁን የሚለውን ለክቡርነትዎ እተዋለሁ።

ከሦስቱ ግን ሦስተኛው እንዲቀድም እለምናለሁ። ከቤቷ ስወጣ ሴትየዋ እስከ በር ሸኝታኝ «ታዲያ መቼ ነው የሚጻፈው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀን የምሰጣት እኔ ስላልሆንኩ ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት። ነገ ከሰዓት እመለሳለሁ ብያታለሁ። እባክዎን፣ ቀኑን ይንገሩኝ።

ከአክብሮትና ከኀፍረት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የጌጥ ጽሕፈት ክፍል ተጠሪ

አባሪ፦ አርባ አንዱም ስሞች ያሉበት የመጀመሪያው ዝርዝር፣ አንድ ገጽ