የኦቨኑን ቁልፍ አልጫንም

ውድ እህቴ ሚጣ፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። አጭር ስለሆነች እዚሁ ልድገማት፤ ምናልባት ስትጽፊያት ልብ አላልሽም ይሆናል። «እትዬ፣ ቤቱን ከማስረከብሽ በፊት ኦቨኑን አጽጂው። አትድከሚ፣ ራሱን የሚያጸዳበትን ቁልፍ ብቻ ተጫኚው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ሁሉንም አመድ ያደርገዋል።» ከሥሯም የምትስቅ ፊት አድርገሽባታል።

ሦስት ጊዜ አነበብኳት። መነጽሬን ጠርጌም አነበብኳት። አመድ የምትለዋን ቃል የጻፍሽው አንቺ ራስሽ ነሽ።

መልሴን ከነምክንያቱ ልስጥሽ። ስልክ ላይ አንቺ ሁልጊዜ ወይ መንገድ ላይ ነሽ፣ ወይ ስብሰባ ሊጀመርብሽ ነው፣ ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብያለሁ።

ትናንት ጠጋኙን ጠርቼው ነበር። አንቺ አታውቂውም፤ ፍሪጁን የሠራልን፣ በር ሲገባ አንገቱን የሚሰብር ረጅም ሰውዬ ነው። ኦቨኑን ሊወስደው ስለፈለገ ተንበርክኮ ውስጡን በባትሪ አየና ያቺን ቁልፍ በጣቱ ነካ አደረጋት።

«ይቺን ተጭናችኋት ታውቃላችሁ?» አለኝ።

«አንድ ጊዜ» አልኩት።

«አንድም በዝቷል እናቴ። ወደ አምስት መቶ ዲግሪ እኮ ነው የምትወጣው! በሩን ራሷ ትቆልፈዋለች፣ እስኪበርድ ብትለምኛትም አትከፍትልሽም። የቅባቱ ጭስ ደግሞ ደረቱን ለሚያመው ሰው መርዝ ነው። ፊውዙም ብዙ ጊዜ እዚያው ይሰናበታል።»

«ታዲያ ለምን ሠሯት?»

«ለእኔ ብለው ነዋ! ሰው ሁሉ ይቺን ቁልፍ ባይጫን ልጆቼን በምን አሳድግ ነበር?» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ለውሼ ቀብቼ እንዳሳድረው፣ በማግስቱ በእርጥብ ጨርቅ እንድጠርገው ነገረኝ። ክንድ ያዝላል እንጂ ሰው አይጎዳም አለኝ።

እሱ የማያውቀው፣ አንቺ ግን የምታውቂው ነገር አለ። እስኪ ከመጀመሪያው ልጀምረው፣ አንቺ የምታወሪው ሌላ ስለሆነ።

ኦቨኑን የላክሽው አንቺ ነሽ። አራት ሰዎች ተሸክመው በደረጃው ሲያወጡት እማዬ በር ላይ ቆማ ሙሽራ እንደሚገባ ሁሉ ታጨበጭብ ነበር። ግን አንድም ቀን አልጋገረችበትም። መብራት ይፈጃል ብላ ፈራችው፤ ምግባችንን ሁሉ ከላይ፣ በምድጃዎቹ ላይ ነበር የምንሠራው። አንቺ ስትደውይ ደግሞ «ኧረ በየቀኑ ነው የምጋግርበት ሚጣዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ ኬክ በላ» ትልሻለች። ቅር እንዳይልሽ ብላ ነው። እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ። ያ ፎቶ ትዝ ይልሻል፣ እማዬ ኬክ ይዛ ኦቨኑ አጠገብ የተነሳችው? ኬኩን ከማእዘኑ ዳቦ ቤት ነው የገዛሁት። ወረቀቱን ቀድጄ ሳህን ላይ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። የእኔ ድርሻ ይቺ ናት፣ ሙሉዋን እወስዳለሁ።

ኦቨኑ ለእማዬ ቁም ሣጥን ነበር። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ያልበዋል፣ ልብሱ ሁሉ ይሻግታል። ኦቨኑ ግን ደረቅ ነው፣ በሩም ግጥም ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ የምትሳሳለትን ነገር እዚያ አስቀመጠች፤ ያቺን ክዳን ያላት፣ ዙሪያዋ የጠቆረ አሮጌ የኬክ ቆርቆሮ። በውስጧ የጋሼ ደብዳቤዎች ነበሩ። ወንድማችን የጭነት መርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ከሄደ ጀምሮ በማያውቀው ወደብ ታሞ እስከሞተበት ቀን ድረስ የጻፋቸው ሰባት ደብዳቤዎች። አንቺ ሲሄድ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ።

የእማዬ ዓይን ከደከመ ወዲህ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። እሁድ ከምሳ በኋላ አንድ ደብዳቤ፣ በሰባት ሳምንት ሰባቱ ያልቃሉ፣ በስምንተኛው እንደገና ከመጀመሪያው። አሥራ አንድ ዓመት። አንቺን ስንት ጊዜ ነው «ነይ ቁጭ በይ፣ ሰባተኛው ላይ አንቺን አንስቶሻል» ያልኩሽ? አንዴ የመንገዱ ድካም አልለቀቀኝም አልሽ፣ አንዴ አሁን ካለቀስኩ ፊቴ ያብጣል፣ ጓደኞቼ ይጠብቁኛል አልሽ። «በሚቀጥለው ስመጣ» አልሽ።

በሚቀጥለው ስትመጪ እማዬ ሆስፒታል ነበረች። ዘጠኝ ቀን ተኛች። እኔ አግዳሚው ላይ ሳድር አንቺ ቤቱን ልታዘጋጂላት ቀረሽ። ማክሰኞ ዕለት ቀኑን ሙሉ እማዬ አጠገብ ነበርኩ፤ እግሯን አሸሁላት፣ ሾርባዋን በማንኪያ አጠጣኋት፣ ነርሷ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ጠያቂ ይውጣ» እስክትል ድረስ አልተነሳሁም። ልብሴን ልቀይር ቤት ስመጣ ጭሱ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። አንቺ መስኮቱን ከፍተሽ በፎጣ እያራገብሽ ትስቂያለሽ።

«እትዬ፣ አትደንግጪ! ቅባቱ ነው። ኦቨኑ ራሱን እያጸዳ ነው፣ እማዬ ስትመጣ አዲስ ሆኖ ይጠብቃታል።»

«ቆርቆሮዋስ?» አልኩሽ።

«የትኛዋ? ያቺ የጠቆረችው የኬክ ቆርቆሮ? እዚያው ተውኳት፣ አብራ ትጽዳ ብዬ።»

እጀታውን ይዤ ሳብኩት፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። ሮጬ የቤቱን መብራት ሁሉ ከብሬከሩ አጠፋሁት፤ የኦቨኑ ቀይ መብራት ጠፋች፣ በሩ ግን እንደተቆለፈ ቀረ። መልሼ አበራሁት፣ ያው ነው። ስነግርሽ መሬት ላይ ቁጭ አልሽ። አለቀስሽ። እውነተኛ ልቅሶ ነበር፣ እሱን አልክድሽም። ከዚያ ሁለታችን ሁለት ወንበር ስበን ኦቨኑ ፊት ለፊት ተቀመጥን፣ እስኪከፍትልን። በመስታወቱ ቆርቆሮዋ ትታያለች። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ እያየናት ምንም ማድረግ አለመቻላችን።

በሩ ቀጭ ብሎ ሲከፈት ክዳኗን በጨርቅ ይዤ አነሳሁት። ወረቀቶቹ እንደታጠፉ፣ እንደተደራረቡ ነበሩ፤ ጥቁር ብቻ ሆነዋል። በአንዱ ላይ የጋሼ መስመሮች ብር መስለው ይታዩ ነበር። አንቺ በጣትሽ ነካሽው። ፈረሰ።

ያን ጊዜ ነው እጄን ይዘሽ የለመንሽኝ። «ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ እነዚህን ሁለት ቀናት ብቻ በሰላም ልሰናበታት። ሄጄ እንደገባሁ ደውዬ ራሴ እነግራታለሁ። በጋሼ ሞት!» በጋሼ ሞት ብለሽ ማልሽ፣ አመዱ ጣትሽ ላይ እያለ።

እማዬ ሐሙስ ወጣች። ቅዳሜ ስማሽ፣ ስመሻት ሄድሽ። እሁድ ከምሳ በኋላ እንደልማዷ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠጋችና «ትልቋ፣ ቆርቆሮዬን አምጪልኝ፣ ሦስተኛው ላይ ነበርን» አለች። አንቺ አልደወልሽም። ምን ልበላት? ቆርቆሮዋን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ከፈተችና እጇን አስገባች፣ አውጥታ አሸተተችው። «ማነው?» አለች። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ማክሰኞ ከሰዓት ቤቱን ሳጸዳ፣ የኦቨኑን ውስጥ ሳላይ ቁልፉን ተጫንኩት።» እስክትደውዪ ነው ብዬ ነው። አንድ ቀን የምሸከመው ነገር መስሎኝ ነው።

ሰኞ ደወልሽ። እማዬ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው የምታወራው፣ ታውቂያለሽ። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር።

«ሚጣዬ፣ እህትሽ የጋሼን ደብዳቤዎች አቃጠለችብኝ» አለችሽ።

ሳህኑን እንደያዝኩ ጠበቅሁሽ፣ ውሃው እየፈሰሰ። ከዚያ እንዲህ አልሽ፤ «አይዞሽ እማዬ። አትፍረጂባት፣ እሷም ደክሟት ነው።»

ሚጣ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ ያለኝንም ሰምቻለሁ። እንደዚያች ዓረፍተ ነገር ግን ያንገበገበኝ የለም። ከእኔ ላይ ጥፋትሽን ሳታነሺ ይቅርታ አደረግሽልኝ!

ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖረች። ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ መድኃኒቷና ስለ ሻይዋ ስኳር ብቻ ነበር። እሁድ እሁድ ባዶዋን ቆርቆሮ ታቅፋ መስኮቱ ላይ ትቀመጣለች። ሰባቱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ «እማዬ፣ ላንብብልሽ» ልላት አፌ ድረስ ይመጣና ይመለሳል፣ ምክንያቱም እኔ ያቃጠልኩት ነኛ! ያቃጠለ ሰው በምን አፉ ያነባል? አሥራ ስድስት እሁድ በዚህ አለፈ።

ከመሞቷ በፊት በነበረው እሁድ ራሷ ጠራችኝ። «አራተኛዋን ታስታውሻለሽ? የምግብ አለቃው ጫማ ሾርባ ውስጥ የገባባትን?» አለችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባዶ እጄን አልኩላት። ጫማው ጋ ስደርስ እንደድሮዋ ሳቀች። ከዚያ እጄን ፈልጋ ያዘችና በቀስታ፣ «ትልቋ፣ ማክሰኞ ዕለት እኮ አጠገቤ ነበርሽ» አለችኝ።

ታውቅ ነበር። ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ። ዓይኗ ቢደክምም እግሯን ቀኑን ሙሉ ማን ሲያሽላት እንደዋለ አይጠፋትም። አንቺንም ስልክ ላይ «እህትሽ አቃጠለችብኝ» ያለችሽ፣ አሁን ሳስበው፣ «የለም እማዬ፣ እኔ ነኝ» እንድትያት ነበር። በደብዳቤዎቹ አይደለም ያኮረፈችኝ፤ አንዳችን እውነቱን እንድንነግራት አራት ወር ሙሉ ስትጠብቅ ነበር።

እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? «የለም እማዬ፣ ትንሽ ወጣ ብዬ ነበር» አልኳት። ለአንቺ ብዬ። ያቺ የመጨረሻ ዕድሌ ነበረች፣ ለአንቺ ብዬ ጣልኳት። እማዬ እጄን ለቀቀችና «እንግዲህ ይሁን» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ረቡዕ ሞተች።

በቀብሩ ማግስት አክስታችን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጣቷን ቀስራ «የልጇን እጅ ጽሑፍ አቃጥላ በሐዘን የገደለቻት ይቺ ናት» ስትል አንቺ ውሃ እያዞርሽ ነበር። ብርጭቆ ሰጠሻት። «ቀዝቃዛ ነው ወይስ ለብ ያለ ይሻልሻል?» አልሻት። ይኸው አምስት ወር ሆነ፣ ዘመድ በሙሉ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል።

ስለዚህ ቁልፉን አልጫንም። ትናንት ማታ ቀብቼው አደርኩ፣ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ በጉልበቴ ተንበርክኬ ስጠርግ ዋልኩ። በኋለኛው ግድግዳ ጥግ ላይ ቆርቆሮዋ የተቀመጠችበት አራት ማእዘን ቦታ አለ፤ ዙሪያው ሁሉ ሲለቅ እሷ አልለቅ አለች። ተውኳት። ጠጋኙም እንዳለች ይውሰዳት።

ወገቤ ሲዝል ጠረጴዛው ጋ ቁጭ እያልኩ ሌላም ሥራ ስሠራ ነበር። የጋሼን ደብዳቤዎች በደብተር ገልብጫለሁ፤ ከቃሌ፣ አንድ ቃል ሳላጎድል፣ «ናፍቆቴ» ሲል የሚሳሳታትን ፊደል እንኳ ሳላርም። ስድስቱ አልቀዋል። ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፣ የእናትሽ ንብረት ስለሆኑ ድርሻሽ ናቸው።

ሰባተኛው የለም። እሱን አልጻፍኩትም። ስለ አንቺ የሚለው አንድ ሙሉ ገጽ ነው፤ ሲሄድ በር ላይ ምን እንዳልሽው፣ ምን ሰጥተሽው እንደነበር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የት ይዞት እንደሚዞር። አሁን ያ ገጽ ያለው እኔ ራስ ውስጥ ብቻ ነው። የደም ግፊቴ ከፍ ብሏል፣ ሐኪሙ ደስ አላለውም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የጎረቤታችን ስም ጠፍቶኝ በሯ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ላስፈራራሽ አይደለም፣ የሆነውን ነው የምነግርሽ።

አክስታችን ስልኳን ከጠዋት እስከ ማታ ታነሳለች። ደውዪና «ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ» በያት። ሌላ ምንም አትጨምሪ፣ ስለ እኔም መልካም ነገር አትናገሪ። እሷ ደውላ በነገረችኝ ዕለት እስክሪብቶዬን አነሳለሁ።

ካልደወልሽም፣ በጋሼ ሞት እልሻለሁ፣ ይዤው እሄዳለሁ።

ማክሰኞ ዕለት እማዬ አጠገብ የነበርኩት፣
እትዬሽ