ይለቀቃል ያሉን ውሃ

ይድረስ ለተከበሩ የአነስተኛ ግድቦች ማስተባበሪያ ኃላፊ፤
ድሬዳዋ

ክቡርነትዎ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ የቢሮዎ ቧንቧም አንድ ቀን እንኳ እንዳይደርቅ እጸልያለሁ። እኔ ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ወልደጻድቅ ነኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የአትክልት ቦታችን መጥተው፣ ከበላያችን ግድብ ሊሠሩ መሆኑን ሲያስረዱ አማርኛዎን ወደ ሶማሊኛና ወደ ኦሮምኛ የመለስኩልዎ ሰው። በሳምንት ሁለት ቀን በሩ ተከፍቶ ውሃው ወደ እኛ ይለቀቃል ብለው ነበር፤ እኔም ሞቅ አድርጌ ተረጎምኩ፣ ከራሴም መሐላ ጨመርኩበት። ጎረቤቴ ወይዘሮ ኻድራ «አቦ፣ ወልደጻድቅ ከማለ ምን ቀረ?» ብላ ከሁሉም ቀድማ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ምስጋናችንን እንግዲህ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ለድንጋይ ማመላለሻ መንገድ ሲሉ የተራራውን ግራር ስላስመነጠሩልን እናመሰግናለን። አፈሩ የሚይዘው ሥር ቢያጣ በሁለት ክረምት ወርዶ ግድቡን ሞላው፣ የመልቀቂያውንም በር ቀበረው። አሁን ሌባ እንኳ አይደርስበትም።

፪ኛ፦ ከደለሉ በላይ የቀረችው ውሃ ለወባ ትንኝ ተስማምታታለች። በሠፈራችን በዚህ ዓመት ያልታመመበት ቤት የለም፤ ያሉት ልማት ቢያንስ ትንኟ ዘንድ ደርሷል።

፫ኛ፦ ወደ ታች የሚወርድ ውሃ ስለሌለ ጉድጓዶቻችን ደረቁ። ወይዘሮ ኻድራ ሟች ባሏ የተከለውን ማንጎ ባለፈው ወር አስቆርጣ ለማገዶ ቀፊራ ገበያ አወረደችው፤ ፍሬ ትሸጥበት በነበረው ቦታ እንጨት ስትሸጥ አየኋት። ሰላምታዬን ትመልሳለች፣ ዓይኔን ግን አታይም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እኔ ግን ሌላ ሰው አፈናጥጬ ነው የወደቅኩት፣ ይህም ከውሃው ጥማት ይልቅ ያንገበግበኛል።

ደለሉ ተጠርጎ በሩ እንዲከፈት ስድስት ጊዜ አመልክተናል። ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው የሚል ያማረ ማኅተም ያለበት መልስም ስድስት ጊዜ ደርሶናል፤ ስለ ማኅተሙ ውበት እግዜር ይስጥልን።

እንደ ግድብዎ ደለል ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ አስተርጓሚዎ
ወልደጻድቅ ክፍሉ

ማስታወሻ፦ ለሁለተኛው ግድብ ደግሞ ሌላ ሠፈር እንዳግባባልዎ የላኩልኝ ጥሪ ደርሶኛል። እመጣለሁ። ወይዘሮ ኻድራንም ለምኜ ይዣት እመጣለሁ፤ እሷ የምትለውን በሦስቱም ቋንቋ አንድ ቃል ሳላለዝብ እተረጉማለሁ። መሐላ ግን አልጨምርበትም፣ እሷን ያለ መሐላ ያምኗታል።