ረግረጉ ውስጥ የቀረችው እናት

ውድ ልጄ፣

ለሙከራ የታየውን ፊልምሽን አየሁት። «አባዬ፣ እንዳታሞግሰኝ፤ የተሰማህን ብቻ ጻፍልኝ» ብለሽ ነበርና እነሆ። ፕሮዲዩሰሩ «እናትየው ከረግረጉ ተርፋ ትውጣ» ብሎ መጨረሻውን ሊያስለውጥሽ እንደሆነ፣ መልስሽንም ሰኞ እንደሚጠብቅ ስለነገርሽኝ ሳልውል ሳላድር ጻፍኩ።

ሲኒማ ቤቱ ከአክስትሽና ከጎረቤታችን ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ነው የገባነው። የመጀመሪያው ግማሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያስፈራል። ውሃው ፀጥ ብሎ ሸምበቆው ያለ ነፋስ ሲነቃነቅ አክስትሽ ክንዴን ጨምድዳ ልትገነጥለው ነበር። የኔም ከንፈር ሳላውቀው ጸሎት ጀምሯል።

አውሬው ብቅ ሲል ግን ነገር ተበላሸ። ከኋላችን አንዱ «ኧረ ነፋስ ያንሰዋል፣ ንፉት!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፀጉር አስተካካዩም «ጎማ! ፂም እንኳ የለው፣ እኔ ምኑን ልፍራው?» አለኝ። አትቀየሚኝና ያንን አውሬ ውሃው ውስጥ መልሺው። የሚያስፈራው ሳይታይ ነው።

ከዚያ እናትየው እስከ ደረቷ ሰጠመች። ልጅቷ እጇን ይዛ ስትጎትት ቆይታ ለቀቀቻትና ሮጠች።

«ምን ዓይነት ልጅ ናት! እናቷን ጥላ?» አለች አክስትሽ፣ ከወንበሯ ተነስታ።

«ተይ እንጂ እትዬ፣ ፊልም ነው» አላት ፀጉር አስተካካዩ።

«ፊልም ቢሆንስ! እናት አይደለችም?»

እኔ የማየው ልብሷን ነበር። ልጅቷን ያለበስሻት እናትሽ ሆስፒታል ሳለች ሳትቀይሪው የሰነበትሽውን ግራጫ ሹራብ ነው። አወቅኩት።

እናትየውን አታትርፊያት። ፕሮዲዩሰሩ ቢቆጣ ይቆጣ፤ እናቱን የቀበረ ሰው ስትዋሺ ያውቅብሻል። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ፊልምሽ ተሳስቷል።

ያን ጠዋት ነርሷ ወደ ኮሪደሩ ስትጠራሽ ወጣሽ፤ ስትመለሺ እናትሽ በሕይወት አልነበረችም። እጇን ለቅቄ ወጣሁ እያልሽ ራስሽን ስትከሺ እንደኖርሽ ገና አሁን ገባኝ። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። አንቺ ወደ ነርሷ ዞረሽ ስለነበር አላየሽም እንጂ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ የፈታችው እናትሽ ናት። ከዚያ መዳፍሽን ወደ በሩ ገፋ አደረገችው፤ ስትወጪም በዓይኗ ሸኘችሽ። ታውቂያለሽ ብዬ ነበር። ከልጅነትሽ ጀምሮ ከዓይንሽ የሚያመልጥ ነገር አልነበረማ።

ስለዚህ ልጅቷ አትልቀቅ። እናትየው ትልቀቃት። ሰኞ ለፕሮዲዩሰሩ «የምቀርጸው መጨረሻ ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም» በዪው። ብቻሽን አትነግሪውም። እሁድ ጸሎቴን አድርሼ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ከጎንሽ እቀመጣለሁ። ተዋናይዋ ካላወቀችበትም፣ የእናትሽ ጣቶች እንዴት እንደተፈቱ እኔው አሳያታለሁ።

መንገድሽን የሚያቀናው አምላክ አይለይሽ።

አባትሽ