ያልተለወጠው የቤታችን ስልክ ቁጥር

ይድረስ ለልጄ ለኢንሳፍ ሙዘይን፤ ቆንያ፣ ቱርክ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ ሆይ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽ ሰዓድስ? ልጅሽን ኡበይድን ያስቸገረው ሳል ለቀቀው ወይ? የዚያ አገር ብርድ አጥንት ይሰብራል ብለሽ ነበርና እናትሽ አሚናት በየሶላቷ ዱዐ ታደርግልሻለች። እኛ፣ ለአላህ ምስጋና ይግባውና፣ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደኅና ነን።

ለመሥሪያ ቤትሽ ያዘጋጀሽውን ሰንጠረዥ ደጋግሜ አነበብሁት። በ1992 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያም ቱርክም በመደበኛ መስመር ኢንተርኔት ከባዶ አጠገብ ተነሥተው ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን በዚያ ለመቶ ሰው ወደ ሃያ የሚጠጋ መስመር ሲቈጠር፣ በእኛ አንድ እንኳ አልሞላም። «አባባ፣ ሐይቅ ላይ የምታየውን ጨምርልኝ» ስላልሽኝ የማውቀውን እጽፋለሁ። በሰፈራችን ስልክም ኢንተርኔትም የሚያመጣ መስመር ያለው የእኛ ቤት ብቻ ነው። የሚጠቀምበት ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የቅሬያችን ሰው ሁሉ ነው፤ በቀብርና በለቅሶ የሚረዳዳ ሰው በአንድ ሽቦ መረዳዳት አላቃተውም። ተማሪው የፈተና ውጤቱን የሚያየው፣ እናት ዓረብ አገር ካለች ልጇ ጋር የምትነጋገረው በሳሎናችን ተቀምጠው ነው። ቢሆንም ሠላሳ ቤት ይጠቀምበታል ብለሽ አንዱን መስመር ሠላሳ አድርገሽ እንዳትጽፊ፤ አንድ አንድ ነው።

ለኢንተርኔቱ መዘግየት ግን እኔም አለሁበት። ባለፈው ክረምት ሠራተኞች መጥተው «አሮጌውን ሽቦ በፈጣኑ እንቀይርልዎ፤ ቁጥሩ ግን ይለወጣል» ቢሉኝ እምቢ አልሁ። አንቺም «በቪዲዮ ስንነጋገር እየተቆራረጠ የማየው ግማሽ ፊትህን ነው፤ ምን ያስገትርሃል?» ብለሽ ሁለት ወር አኮረፍሽኝ። ምክንያቱን ያልነገርሁሽ የሰው ምስጢር ስለ ነበረ ነው።

የጎረቤታችን የባንቺአየሁ ልጅ ወንዱ መዝመቱን ታውቂያለሽ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ደርሶ ስልክ ሁሉ ሲቋረጥ፣ እርሷም ስትሸሽ ሞባይሏን ጣለች። በኋላ መስመሩ ሲመለስ የወንዱ ድምፅ አልተመለሰም። የቀራት ተስፋ አንድ ነበር፤ ልጇ ከተማሪነቱ ጀምሮ በየቅጹ የሚሞላው የእኛን ቁጥር ነበርና በቃሉ ያውቀዋል። በሰኔ ወር የቅሬው ሽማግሌዎች «ድንኳን ተክለን እናልቅስለት» ማለት ሲጀምሩ ወደ እኔ መጥታ «ጋሽ ሙዘይን፣ ያንን ቁጥር እንዳያስነኩብኝ። ለሰውም አይንገሩብኝ፣ አበደች ይሉኛል» አለችኝ። ቃል ገባሁላት። የቅሬው ሰብሳቢ በመሆኔም ሽማግሌዎቹን እስከ ጥምቀት አስታገሥኋቸው።

ያለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። አሚናት አንሥታ «ወንዱ ነኝ ይላል» ብላ መነጋገሪያውን ሰጠችኝና ባንቺአየሁን ልትጠራ ሮጠች። እኔም የሰው ልብ የሚያቆስል ቀልድ እንዳይሆን ፈርቼ ስሙን ከነአባቱ ብጠይቀው፣ «ወንዱ አያሌው። ድሮም ሳይጠይቁኝ በር አይከፍቱልኝም ነበር» ብሎ ሳቀ። እግሩን ቆስሎ፣ ስልክ ከማይገኝበት ስፍራ ቆይቶ፣ ገና ሆስፒታል መግባቱ ነበር። እናቱ ደርሳ መነጋገሪያውን ስትይዝ መጀመሪያ ያወጣችው ቃል «በልተሃል?» የሚል ነው። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ ቆየሁ።

ልጄ፣ በ2010 ዓ.ም. በለውጡ ሰሞን ያንን መስመር ቢሮ ለቢሮ ተመላልሰሽ ያስገባሽው አንቺ ነሽ። እኔ ያን ጊዜ ቅንጦት ነው ብዬ ገሠጽሁሽ። ተሳስቼ ነበር። አመሰግንሻለሁ፤ ቀድሜም ልልሽ ይገባኝ ነበር። ባንቺአየሁም «አሁንማ ያስቀይሩት፣ የኢንሳፍን ፊት ሙሉውን እንየው» ብላለችና ትናንት ማመልከቻ አስገብቻለሁ።

ለሰዓድ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ኡበይድን ዐይኖቹን ሳሚልኝ። እናትሽ ናፍቆቷን በእኔ እጅ ልካለች፤ የቅሬው ሰዎችም ስምሽን እየጠሩ ይመርቁሻል። ወንዱ ሐሙስ፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከደሴ በሚመጣ ሚኒባስ ይገባል ተብሏል። ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው፤ ባንቺአየሁ ግን ከጧት ጀምሮ መናኸሪያ ተቀምጣለች።

አባትሽ ሙዘይን
ሐይቅ፣ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.