መስከረም አንድ የተወለዱት

ሰኞ
አርባ ሦስት ሪፖርት ዘጋሁ። በአንድ ቀን! ጤና ጣቢያዎች ለካርድ ክፍል በነጻ የሚወስዱትን የኮምፒውተር ፕሮግራም በፈቃደኝነት የምንሠራው ጥቂት ሰዎች ነን፤ ተጠቃሚዎች የላኩልን የስህተት ሪፖርት ለዓመታት ተከምሯል። ኃላፊያችን «ያረጀውን አጽጂልን» አለኝ። ካማረልኝ ኮዱን ራሴ የማረም ፈቃድ አገኛለሁ። ርዕሱን አያለሁ፣ ሁለት ዓመት ካለፈው «ስላሳወቁን እናመሰግናለን» ብዬ መዝጋት ነው። የምሠራበት ኮፒ ቤት ባለቤት ጋሽ ሰይድ «ደመወዝ ለሌለው ሥራ እንዲህ ተግተሽ የኔን ደንበኛ ረሳሽው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሰውየው መታወቂያውን ይዞ ቆሟል።

ማክሰኞ
ከዘጋኋቸው አንዱ ላይ መልስ መጣ። «እናንተ ዘጋችሁት እንጂ እኛ ጋ አልቆመም። አሁንም ሁለት ሰው አንድ ካርድ ላይ ይገባል።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ላኪዋ ከአንበሳሜ ወዲያ ያለ ጤና ጣቢያ የካርድ ሠራተኛ፣ እትዬ አስካለ፣ ናቸው። ተናደድኩ። በአንድ ስም፣ በአንድ የአባት ስም፣ የልደት ቀኑን ብቻ እየለዋወጥኩ ለሙከራ ሃያ ሰው መዘገብኩ። ምንም አልተደባለቀም። ደስ እንዳለኝ አልክድም። ድጋሚ ዘጋሁት።

ረቡዕ
ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ገና ዛሬ ነው። «አንደኛዋ ፔኒሲሊን አይስማማትም» ይላል። ቁጥሩ ላይ ደወልኩ።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ልደቱን የሚያውቅ ማን አለ? ዕድሜውን ይነግረኛል፣ እኔ መስከረም አንድ ብዬ እሞላለሁ» አሉኝ።

ስምና ልደት ከገጠመ ፕሮግራማችን አንድ ሰው ነው ብሎ ዝም ብሎ ያዋህዳል። ሁለት ጥሩነሽ አለሙ አንድ ሆነዋል፤ የመድኃኒቱ ማስጠንቀቂያም እዚያው ጠፍቷል። እትዬ አስካለ ሁለቱንም በመልክ ይለዩአቸዋል። ግን ዓርብ ሥልጠና ይሄዳሉ፣ የምትተካቸው ሴት አዲስ ናት።

ስልኩን ዘግቼ ኮፒ ማሽኑ ላይ የተረሳ መታወቂያ አነሳሁ። መስከረም 1። ቀጥሎ የመጣው ደንበኛም መስከረም 1። የኔን አወጣሁ። መስከረም 1! ሦስት ዓመት ሙሉ ኮፒ ሳደርገው የኖርኩት ነገር ነው። አፈርኩ።

ሐሙስ
ፕሮግራሙ ከማዋሃዱ በፊት «አንድ ሰው ናቸው?» ብሎ እንዲጠይቅ አርሜ ለኃላፊው ላክሁ። ኃላፊው ተቀበለው። የተዋሃደውን ግን መልሶ መለየት አይቻልም። መብራት ሁለቴ ጠፋ። እትዬ አስካለ ግን ደብተር አላቸው፤ «ጥሩነሽ፣ ግራ እጇ ላይ ጠባሳ ያላት፣ ፔኒሲሊን አይሰጣት» ብለው በእጃቸው ጽፈዋል። እኛ ስላልሰማናቸው ነው የጻፉት። ይህንኑ ቀይ ወረቀት ላይ ጽፈው መርፌ ክፍሉ በር ላይ እንዲለጥፉ ለመንኳቸው። ጋሽ ሰይድ ጉዳዩን ሲሰሙ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ።

ዓርብ
እስከ ስምንት ሰዓት ከጤና ጣቢያው አልተደወለም። የአንድ ሰው ማመልከቻ ሦስት ጊዜ አበላሸሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ አስካለ ከሥልጠናው ደወሉ፤ ነርሷ ነግራቸዋለች። ጥሩነሽ መጥታ ነበር፣ ባለጠባሳዋ። መርፌው ተዘጋጅቶ ነበር። ነርሷ ቀዩን ወረቀት አይታ የጥሩነሽን ግራ እጅ አየች፣ ሌላ መድኃኒት ሰጠቻት። ኮፒ ማሽኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ጋሽ ሰይድ ደንበኛውን ራሳቸው አስተናገዱልኝ።

ከዚያ የዘጋኋቸውን ሪፖርቶች እያነበብኩ መልሼ መክፈት ጀመርኩ። ሰባት ደረስኩ። ሦስቱ ላይ ማንም ያልደወለበት ስልክ ቁጥር አለ።

ኃላፊው ጻፈልኝ። «ክፍት ሪፖርቱ ለምን ጨመረ?»

«አንብቤያቸው ነው» ብዬ መለስኩ። ስምንተኛውን ከፈትኩ።