«መጀመሪያ ይድረስ!» ያሉት የእትዬ መቀስ የሕይወት ታሪክ

የሥራ ባልደረቦቻቸው «እትዬ መቀስ» የሚሏቸው እህታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው ጥር 6 ቀን 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በአባታቸው ሙያ አይደለም፤ በምላሳቸው ነው።

በ1975 ዓ.ም. ከቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቀው ፓምፕ በሚያመርት ፋብሪካ በቶርኖ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በተከታዩ ዓመት ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው ተከራክረው ያሸነፉበትን ቀን እስከ ዛሬ እየፈለጉ ነው።

ኋላም በኮምፒውተር የሚታዘዙ የብረት መቁረጫ ማሽኖች ፕሮግራም ጸሐፊ ሆኑ። የእነዚህ ማሽኖች ኮምፒውተር ችኩል ነው፤ መቁረጫው ገና መንገድ ላይ ሳለ ቀጣዮቹን መስመሮች ቀድሞ ያነባል። ማክሮ የሚባለውን የስሌት ትእዛዝ ሲያገኝም ማሽኑ አዲሱን ብረት ለክቶ ሳይጨርስ በቀደመው ብረት ልክ ያሰላል። ስለዚህ እትዬ መቀስ ከእያንዳንዱ ስሌት በፊት «እንቅስቃሴው እስኪያልቅ ጠብቅ» የሚል መስመር ያስገቡ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ሥራ አስኪያጁ ምርት ለማፋጠን ይህ መስመር እንዲሰረዝ አዘዙ። እሳቸውም በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል! መጀመሪያ ይድረስ፣ ከዚያ ያስላ። ሰው የሚጎዳ ነገር በእጄ አልጽፍም» አሉ። በዚህ ምክንያት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ መስመሩንም ሌላ ሰው ሰረዘው። ወር ሳይሞላ መቁረጫው በተሳሳተ ልክ ወርዶ ብረቱን መታ፤ ስባሪውም የማሽን ሠራተኛውን አንድ ዓይን አጠፋ።

ይባስ ብሎ የፋብሪካው ሪፖርት ጥፋቱን በተጎዱት ሰው ላይ ጣለ። ወይ ጉድ! እህታችን ግን መርማሪዎቹን ማሽኑ ድረስ ይዘው ሄደው፣ መቁረጫው ሳይደርስ ስሌቱ ሲፈጸም በዓይናቸው አሳዩአቸው። ሠራተኛው ነጻ ሆኑ፤ መስመሩም ተመለሰ። እትዬ መቀስ ይቅርታ ጠይቀው ወደ ቀድሞ ሥራቸው እንዲመለሱ ሲነገራቸው «ምን አጥፍቼ?» ብለው እስከ ጡረታቸው ግምጃ ቤት ቆዩ።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ትናንት ከፋብሪካው አስተዳደር ሰው መጥቶ የአደጋው ነገር ከዚህ ጽሑፍ እንዲወጣ ጠይቆን ነበር። ቤተሰቡ እምቢ ብሏል። አሁን በፊታችሁ ቆመው የሚያነቡላችሁም፣ በቀረቻቸው ዓይን፣ እኚያው የማሽን ሠራተኛ ናቸው። ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ በገነት ያኑርልን፤ እኛንም ዝም ከማለት ይጠብቀን።